ፕሮሰስ ላይ የነበረው መኪና

አባዬ፣

ሰው ፊት «እርስዎ»፣ ብቻችንን ስንሆን «አንተ» ነበር የምልህ። አሁን ብቻችንን ነን። እማ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ውጭ ዝናብ ነው፣ ስለዚህ እንደለመድኩት አንተ ልበልህ። ከተለየኸን ዓመት ሆነ፤ የሙት ዓመት ተዝካርህን ያለፈው ሳምንት አወጣን። የሰኔ ጾም ስለነበር ምግቡ ሁሉ የጾም ነው፣ ግን ማንም ሳይበላ አልሄደም። ጎረቤት ሁሉ መጥቶልሃል።

ቤቱ እንዳለ አለ። ዳልቻ በሬህ ከጎረቤታችን ከአያ ታከለ በሬ ጋር ተጣምሮ የእኛንም የእነሱንም ማሳ ያርሳል። ጋቢህ ከአልጋው ራስጌ እንደተሰቀለ ነው፤ እማ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም፣ አቧራውን እንኳ ራሷ ነች የምታራግፈው። ሬዲዮህን እኔ ወሰድኩት፤ ብዙ ግን አልከፍተውም። ሰው ሲናገር መስማት አስጠልቶኛል አባዬ።

እውነቴን ነው፣ የአገሩ አፍ ሌላ ሆኗል። የማስተምርበት ክፍል ጣራው ያፈስ እንደነበር ነግሬህ ነበር። አሁንም ያፈሳል። ርእሰ መምህራችን ግን ያፈሳል ብሎ አይናገርም፤ «የመሠረተ ልማት ክፍተቱ እንደ ቻሌንጅ ተለይቷል» ይላል። ተለይቷል! ልጆቹ ደብተራቸውን በፌስታል ሸፍነው ይጽፋሉ፣ የተለየው ክፍተት አናታቸው ላይ ይንጠባጠባል። የእድራችን ጸሐፊ ድንኳኑ መቀደዱ ሲነገረው ተነሥቶ «ከዚህ አንጻር አቅጣጫ እናስቀምጣለን» ብሎ ቁጭ አለ፤ መርፌ ያነሣ ሰው ግን የለም፣ ላንተ ተዝካርም ያው የተቀደደው ነው የተተከለው። ሮብ ገበያ ከተማ ፀጉር የምትሠራኝ ልጅ ፊቷ ጠቁሮ አይቻት ምን ሆነሽ ብላት «ሙዴ ዳውን ነው» አለችኝ። ለካ እናቷ ታማባት ኖሯል። እናቴ ታማብኛለች ማለት ምን ነውር አለው? እማ እንኳ ባለፈው ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ወዴት ነው ብላት «ፕሮግራም አለብኝ» አትለኝም! ክርስትና ተጠርታ ነው። ሳቅሁባት፣ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ እሷም ምን እንዳስለቀሰኝ አልገባትም።

ብትኖር «ምን አገባሽ፣ የሰው አፍ ነው» ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ድሮ አያገባኝም ነበር። እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ስብሰባ ላይ እንደ ሌላው ስደረድር ነው የኖርኩት። ካንተ ወዲህ ነው ያቃተኝ። ከእነዚያ ቃላት አንዷን በሰማሁ ቁጥር ያ ሰኔ ተመልሶ ይመጣብኛል።

ወንድሜ በላይነህ ደብረ ማርቆስ ሥራ ከያዘ በኋላ እሑድ እሑድ ሲደውል ትዝ ይልሃል? የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ መደቡ ላይ አስቀምጥልህ ነበር። አንተ ጋቢህን አስተካክለህ፣ ጎንበስ ብለህ ትሰማዋለህ። «ስትራቴጂክ ፕላኑን ፋይናላይዝ እያደረግን ነው» ሲልህ አንገትህን ትነቀንቃለህ። ቅዳሴ ላይ ግእዙን ሳትረዳው ቆመህ እንደምትሰማው ነበር የምትሰማው፤ ካልገባህ ትልቅ ነገር አለበት ማለት ነው ላንተ። አንድ ቀን «አሁን ምን አለህ?» ብዬ ብቀልድብህ ዓይንህን አፍጥጠህ «የእኔ ልጅ የሚለውን ያውቃል» አልከኝ። የተማረ ልጅ ስላለህ ትኮራ ነበር። እኔም የተማርኩ መሆኔ አንዳንዴ ይጠፋህ ነበር መሰለኝ፤ ምን ታደርግ፣ ሳወራ ይገባሃላ! አልተቀየምኩህም፣ ደስታህ ደስ ይለኝ ነበር።

ሆድህን የቆረጠህ ቀን ጧት ከእርሻ ተመልሰህ ገባህ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሆድህ ተነፍቶ፣ ላብ አጥምቆህ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። አምቡላንስ ብንጠራ ሌላ ሕመምተኛ ሊያመጣ ሄዷል አሉን። በላይነህ ጋ ደወልኩ። የመሥሪያ ቤቱ ላንድክሩዘር ያን ጭቃ እንደሚወጣው ሁላችንም እናውቃለን። ያን ሳምንት ደግሞ መንገዱ ክፍት ነበር፤ በዚህ ዘመን ይህስ መች ይገኛል። «ኢሹውን አንስቻለሁ፣ ፕሮሰስ ላይ ነው» አለኝ። ለሆድ ቁርጠት ኢሹ ሲባል ያኔ ነው የሰማሁት።

አያ ታከለ ግን ቃሬዛውን ይዞ፣ የሠፈሩን ጎረምሶች አስከትሎ ደጃችን ቆሞ ነበር። ዝናቡ ይወርድባቸዋል። ተሸክመውህ ሮብ ገበያ ቢያደርሱህ ከዚያ ወዲያ መኪና አይታጣም። አንተ ስልኩን አምጪ አልክ። በላይነህ ላንተም ያንኑ ደገመልህ፤ «ኮኦርዲኔት እያደረግን ነው አባዬ፣ ፖዘቲቭ እንሁን» አለህ። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነህ ፊትህ በራ። አያ ታከለን «ሰው በዝናብ አታንገላታብኝ፣ ልጄ መኪና እያስመጣልኝ ነው» ብለህ መለስከው። እኔ ተከራከርኩህ፣ እማ እግርህ ላይ ወድቃ ለመነችህ፣ እምቢ አልክ። አልችልም ብሎህ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ቃሬዛው ላይ ትወጣ ነበር። በላይነህ አልችልም አላለም፤ እችላለሁም አላለም፤ አንተ ግን እችላለሁ ያለ መሰለህ።

በማግስቱም ደወልኩ። «አልሞስት ኮንፈርም ሆኗል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ከሹፌሩ ጋር ኮሙኒኬት እየተደረገ ነው» አለኝ። ሲናገር ሁሉ ነገር የሚንቀሳቀስ ይመስላል። እኔም አመንኩት፣ ወይም ማመን ፈለግሁ። አንተ በር በሩን ታይ ነበር፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር «ሂጂ እስቲ እዪ» ትለኝ ነበር። እየወጣሁ አየሁ፤ ጭቃና ጉም ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጧት አያ ታከለ ማንንም ሳይጠይቅ ገባና አነሣህ። ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ዓይንህን ገለጥክና «መኪናው የት ደረሰ?» አልክ። ማንም አልመለሰልህም። ተሸካሚዎቹ ጭቃውን ያያሉ፣ እማ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ እኔ እግርህን ጨብጬ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣህም። ሮብ ገበያ ላይ አንድ ሚኒባስ ወዲያው ጫነን። ወዲያው፣ አባዬ።

ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነበር። ሆድህን ነካካው፣ ወደ ውጭ ጠራኝና «አንጀታቸው ተጠማዞ ቆይቶ ሞቷል፤ ትናንት ብትደርሱ ተስፋ ነበራቸው» አለኝ። ጭካኔ ነው ይሉኛል ሰዎች። እኔ ግን ያን ልጅ አመሰግነዋለሁ፤ በዚያ ሳምንት በአማርኛ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው። ለቀዶ ጥገና እያዘጋጁህ ሳለ ሞትክ።

በላይነህ ቀብርህ ላይ የሕይወት ታሪክህን ጽፎ አስነበበ። «ባለ ራእይ፣ ለማኅበረሰቡ ኢንስፒሬሽን የሆነ ሞዴል አርሶ አደር» ተባልክ። ስለ ማን እንደሚነበብ ግራ ገብቶኝ ዞር ዞር አልኩ። ዳልቻን ከጥጃነቱ በእጅህ ማሳደግህ፣ ሰው ሲጣላ እህልህን ከአውድማው ትተህ ለማስታረቅ መሮጥህ፣ በሳቅህ ዶሮ ማስደንበርህ አልተነሣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። ዓመቱን ሙሉ።

ሽማግሌዎቹ በተዝካርህ ቀን እንድንታረቅ አሰቡ። አስበህ ታውቃለህ፣ ባንተው ዳስ ውስጥ እኔና እሱ ሽማግሌ ፊት ስንቆም? አንተ ስታስታርቅ በደለኛው መሬት ስሞ «አጥፍቻለሁ» ሲል ወዲያው አታነሣውም ነበር። «ምን አድርገህ?» ትለዋለህ። በስሙ ጠርቶ፣ ፍየሏን ሰርቄ፣ ድንበር ገፍቼ፣ ሚስቴን መትቼ እስኪል ድረስ እንደተደፋ ትተወዋለህ። ልጅ ሆኜ ሰውዬው ያሳዝነኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ለምን እንዲህ ታሳፍረዋለህ እልህ ነበር። በላይነህ ግን መሬትም አልሳመ። ኮቱን ቆልፎ ተነሣና «በወቅቱ የነበረው የኮሙኒኬሽን ጋፕ ሁላችንንም ዋጋ አስከፍሎናል፤ እንደ ቤተሰብ ከዚህ ሌሰን ወስደን ሙቭ ማድረግ አለብን» አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ልክ እንደ አንተ። አንደኛው እንዲያውም «እንዴት ያለ ንግግር ነው! ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?» አሉኝ። እማ እፎይ ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

ምን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ያንተን ጥያቄ ጠየቅሁት፤ መኪናውን ጠይቀህ ነበር ወይስ አልጠየቅህም አልኩት። «ነገሩ እንደዚያ ሲምፕል አይደለም» አለኝ።  ተነሥቼ ከዳሱ ወጣሁ። ሽማግሌ ረገጠች ተብዬ አገር አውርቶብኛል፤ እማም እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች፣ ምሳዬን አቅርባ ፊቷን ታዞራለች።

ትናንትና ነው የደወለው። ልጆቹን አሰናብቼ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ፈተና አርም ነበር፣ ጣራው ይንጠባጠባል። ስልኩን አነሣሁት፤ ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም።  «አልጠየቅሁም» አለኝ። አዲስ ተሹሞ ነበርና ለግል ጉዳይ መኪና ስጡኝ ብሎ አለቃውን መጠየቅ ፈራ። ሆድ ቁርጠት ነው፣ እስከ ነገ ይሻለዋል አለ። በማግስቱ ደግሞ ትናንት ያላለውን ዛሬ ማለት አፈረ። ይህን ሁሉ እያለቀሰ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ እኔና እሱ ባደግንበት አማርኛ ነው የነገረኝ፤ አንዲት የቢሮ ቃል አልጨመረም። በመጨረሻ «ይቅር በዪኝ እህቴ» አለኝ።

ይህችን ቃል ዓመት ጠብቄያት ነበር። ስትመጣ ይቀለኛል ብዬ ነበር፣ ባሰብኝ እንጂ መች ቀለለኝ። አየህ፣ ሳላስበው ዓመቱን ሙሉ አንድ መኪና በልቤ ይዤ ኖሬያለሁ። የሆነ ቦታ ጭቃ ይዞት፣ ወይ የሚፈርምለት ጠፍቶ የቆመ መኪና። ትናንት ያም ሄደ። ለካ በር በሩን ስታይ ወዳንተ የሚመጣ ምንም ነገር አልነበረም።

እና እኔ ምን አልኩት መሰለህ? ይቅር ብዬሃለሁ እንዳልለው ውሸት ሆነብኝ፣ አልልህም እንዳልለው ወንድሜ ነው፣ ፈራሁ። «እሺ፣ ፕሮሰስ ላድርገው» አልኩት። በዚህች አፌ! የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸብኝ፣ ስልኩን ዘጋሁት። ፕሮሰስ! ላንተ ሞት፣ ለአንድ ወንድሜ እንባ። እሱም ያኔ እንደዚህ ፈርቶ እንዳላት አሁን ገብቶኛል። ስለገባኝ ግን ንዴቴ አልወጣልኝም።

ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ። ፊቱ ቆሜ ከሁለቱ አንዱን አፌን ሞልቼ እለዋለሁ፤ የትኛውን እንደምል ዛሬ አላውቅም። ዛሬ ብትጠይቀኝ ይቅር አላልኩትም። ልለው ግን እፈልጋለሁ። ለእማም ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እነግራታለሁ፣ ከእኔ ትስማው፤ ታኮርፈኝ የነበረችው በምን እንደሆነ ትወቅ።

አንተን አልረሳህም አባዬ። ባለ ራእዩን ሰውዬ እነሱ ያስታውሱት። እኔ የማስታውሰው ስልክ ላይ ጎንበስ ብለህ የማይገባህን ቃል በፍቅር ስትሰማ ነው፣ ሰው መሬት ተደፍቶ ሳለ «ምን አድርገህ?» ስትል ነው፣ ውሻ ሲጮህ በሩን ስታይ ነው። እድሜዬን ሙሉ አስታውስሃለሁ።

ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ የጠየቅኸን ጥያቄ አለ። ማንም እንዳልመለሰልህ አልረሳሁም። ያኔ አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁ፣ ልንገርህ።

መኪናው የትም አልደረሰም አባዬ። አልተነሣም። ማንም አልጠየቀውም።

ልጅህ ስመኝ