የአለቃ ጾም

ስካርቦሮ፣ ማክሰኞ ጠዋት
ኖቬምበር 18፣ 2014

ውድ ወንድሜ ኤሊያስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ። እኔ እህትህ ኤፍራታ፣ በሙሉ ጤንነቴና በንጹሕ አእምሮዬ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ የአያታችንን ዳቦ እየበላሁ ነው። እማዬ የመኪናውን በረዶ ልትጠርግ ስትወርድ «አባባ ፊት እህል የሚባል እንዳላይ» ብላኛለች። የዚህ ሁሉ መነሻ ደግሞ ያንተው ድመት፣ አለቃ ነው።

አያታችን አባባ ተክለ ማርያም የሐሞት ጠጠሬ አይወጣም ብለው እማዬን ስንት ጊዜ እንዳስለቀሷት ታውቃለህ። ቢላውን አይፈሩም፤ የሚፈሩት ማደንዘዣውን ነው። ተኝቼ ሰው እጅ አልገባም ይላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ፊት አፋቸውን ከፍተው የሚያንኮራፉት ሰውዬ።

ባለፈው ወር የአለቃ ጥርስ በሰበሰ። ክሊኒኩ አደንዝዘን እንነቅለዋለን፣ ከማታ ጀምሮ ምግብ እንዳይቀምስ አለን። አባባ ሳህኑ ሲነሳ አይተው፣ ይህ ቤት በመጨረሻ አንድ ጿሚ አገኘ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እማዬ ሥራ ስለነበራት እኔና እሳቸው በአውቶቡስ ወሰድነው። (ከትምህርት ቤት መቅረቴ ልቤን ሰብሮታል።)

እዚያ ቶሚ የሚባል የእንስሳት ነርስ አለቃን መዘነው፣ ልቡን አዳመጠ፣ መርፌ የሚገባበትን የፊት እግሩን ሊላጭ መላጫውን አስነሳ። ከዚያ፣ ዛሬ ምግብ ቀምሷል ወይ አለ። ተረጎምኩላቸው። አባባ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ አልበላም በዪው አሉኝ። እኔ ግን አቅፌው ስለነበር ሲያዛጋ ሰርዲን ሸተተኝ። በእኛ ቤት በጠዋት ሰርዲን የሚከፍት ሰው አንድ ብቻ ነው።

ቶሚን፣ በልቶ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኩት። ከደነዘዘ በኋላ መዋጥ ስለማይችል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ይሞትብናል አለኝ። ሳላሳምር እንዳለ ለአባባ ተረጎምኩት። መላጫው እየጮኸ ነው። አባባ ቆባቸውን አወለቁ።

«ንገሪው» አሉ። «ስንወጣ እኔ ነኝ ያጎረስኩት። መንገደኛ በባዶ ሆዱ አይሸኝም።»

ቶሚ አልተቆጣም፤ መላጫውን አጥፍቶ ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ ገፋው። አባባ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ጠይቂልኝ እስቲ፤ አንዴ ካስተኙት በኋላ ማን ነው አጠገቡ የሚቀመጠው?»

ቶሚ፣ እኔ ነኝ አለ። እስኪነቃ ድረስ ልቡንና ትንፋሹን እየተከታተልኩ ከጎኑ አልለይም አለ። አባባ እስከ ቤት ድረስ አለቃን ራሳቸው አቅፈው ሄዱ።

ረቡዕ ያለንን ሰርዲን በሙሉ ለጎረቤታችን ለጋሽ ዋለልኝ በአደራ አስረከቡ፤ ራሳቸውን አላመኑም። ሐሙስ አለቃ ተኛ፣ ጥርሱ ወጣ፣ ነቃ። ቤት ስንደርስ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሄዶ ጭናቸው ላይ ተጠቀለለ። የተላጨ እግሩን ሲዳብሱ ቆዩና እማዬን፣ ያን የሐሞቱን ቀጠሮ ያዢልኝ አሏት። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

ቀጠሮው ዛሬ ነው። አባባ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አለቃ ሳህኑ ላይ ተደፍቶ እያኘከ ያያቸዋል፤ ብድሩን እየመለሰ ይመስለኛል። ሆስፒታልም የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ማን አጠገባቸው እንደሚቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ጽሑፌ የተጣመመው አንድ እጄ ዳቦ ስለያዘ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እግዚአብሔር የሃሊፋክስን ብርድም ፈተናህንም ያቅልልህ። አባባንም በሰላም ያንቃልን።

እህትህ ኤፍራታ

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። አባባ ናቸው።

«ኤፍራታ» ይላሉ፣ «ዳቦው እዚህ ድረስ ይሸታል። ጨርሰሽ ውጪ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ በልቶ ይውጣ።»