ከክምሩ ያልተነሣ ናሙና

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 — ከረፋዱ 4 ሰዓት

የሳምንቱ ናሙና ከእቶን ክፍል መጣ። ስድስት መንጠቆ፣ መኪናን ከተሳቢ የሚያያይዘው ዓይነት፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ጥንካሬውን ለካሁ። ስድስቱም ልክ። ፈረምኩ። እንግዲህ በሳምንቱ ምርት፣ በክምሩ መንጠቆ ሁሉ ላይ የላቦራቶሪው ማኅተም ይመታል።

ያዝልኝ ማስታወሻዬ፦ እዚህ ፋብሪካ ስመጣ ግማሹ ናሙና ይወድቅ ነበር። አንዱን የተበላሸ በመስኮት ወርውሬ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቆሻሻ እንዳታመጡብኝ ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልወደቀም። ጩኸት ይሠራል።

ረዳቴ አልማዝ ታጉረመርማለች። ቁጥሮቹ በጣም ተመሳሰሉብኝ ትላለች፤ መንትያ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም። መሣሪያውን ፈትሺ አልኳት። ፈተሸች። ደህና ነው። ፊቷ ግን አላመነም።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 20 — ከቀኑ 9

ተናድጃለሁ። አንድ የእህል መኪና ሾፌር የተሰበረ መንጠቆ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ። ሐርቡ አጠገብ ተሳቢው ተቆርጦ ማሽላ ማሳ ውስጥ ገባ። ጆንያው ላይ ሰው ተሳፍሮ ነበር። ሜዳ ስለሆነ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ።

"ሐረጎ ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ ጋሼ፣ ይሄኔ እርስዎም ለቅሶ ላይ ነበሩ።"

ከልክ በላይ ጭነህ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። "የብረት አዋቂው እርስዎ ነዎት፤ ይዩታ!"

አየሁት። ስባሪው እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ደህና ብረት ከመሰበሩ በፊት ይለመጣል፤ ይህ እንደ ሸክላ ነው የተሰበረው። ቆርጬ፣ ወልውዬ፣ አሲድ ቀብቼ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ግሎ በዘይት ተነክሯል። ከዚያ እንዳይሰባበር መልሶ መሞቅ ነበረበት፤ በቅጡ አልሞቀም። ከጎኑ ማኅተም አለ። የኔ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 21 — ጠ. 2:30

ዛሬ ናሙና እስኪመጣልኝ አልጠበቅኩም። ራሴ ወረድኩ። ከክምሩ አናት፣ ከመሐል፣ ከሥር ስድስት መንጠቆ አነሣሁ። ሠራተኛው ሥራውን አቁሞ አየኝ። ኃላፊ ብረት ተሸክሞ አይተው አያውቁም። አልማዝ ለካች። ሦስቱ ደህና። ሦስቱ ሸክላ።

6 ሰዓት — የእቶኑን አለቃ ሰይድን አስጠራሁት። እኩያዬ ነው፤ ቅንድቡ በእሳት ያለቀ። የምትልክልኝ ናሙና ከየት ነው የሚነሣው?

"ለብቻው ነዋ የምንሠራው!" አለኝ ኮራ ብሎ። በትንሹ እቶን፣ በገዛ እጁ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ሰዓት ይዞ። ክምሩ ግን ለኮታ ሲጣደፉ ሁለተኛው ሙቀት ያጥርበታል። "ወላሂ ማታለል አይደለም። ትልቅ ሰው ፊት የተመረጠው ነው የሚቀርበው። ቆሻሻ አታምጡብኝ ያሉንስ እርስዎ አይደሉ?"

ጮኽኩ። ናሙና የሠርግ ሥጋ አይደለም፣ ምርጡ የሚላክልኝ! አንገቱን ደፋ። ኋላ ነው የገባኝ። ሰውየው የታዘዘውን ነው ያደረገው። አዛዡ እኔ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 22 — ጠ. 2

ሰርቪሳችን ከደሴ ሲወርድ፣ ሐረጎ ላይ ከፊታችን ባለተሳቢ መኪና። ጆንያው ላይ ሴቶች፣ አንድ ሽማግሌ ጥላ ይዘው። መንጠቆው የኛ ይሁን አይሁን አይታይም። ኮምቦልቻ እስክንገባ ዓይኔን አላነሣሁም።

ከቀኑ 8 — ከሥ/አስኪያጁ ቢሮ መውጣቴ ነው። የፓርቲው ተጠሪም ነበር። ክምሩ ይታገድ፣ የወጣው ከየመኪናው ይፈታ አልኩ። ሥ/አስኪያጁ፦ ናሙናው አልፏል፣ ፈርመሃል፣ አለቀ። ኮታው በዚህ ወር ይወጣል። ተጠሪው ግን ሌላ ነገር ሸተተው። ናሙናውን ያዘጋጀው ማን ነው? አሻጥር ይሆን? ቃሉን እንደ ዋዛ ነው የሚጥለው። የተለጠፈበት ሰው የት እንደሚያድር ሦስታችንም እናውቃለን።

ስም አልሰጠሁም። ተጠሪው እስከ ነገ በጽሑፍ አቅርብ አለኝ። "ስም የሌለበት ሪፖርት፣ ሪፖርት አይደለም፣ ጓድ።"

ሰይድ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ወሬው ደርሶታል። ልጆች አሉኝ አላለም። አልለመነኝም። "በል ያሉኝን እላለሁ" አለ፣ በቃ። ይህ ከሁሉ ይበልጥ አናደደኝ። እንዲዋሽልኝ ሰው አልቀጠርኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 23 — ጠ. 3:15

ደብዳቤው ተጻፈ። አንድ ገጽ። የሚለማመጥ ቃል የለበትም።

አንደኛ፣ በወጡት መንጠቆዎች ላይ ያለውን ፊርማዬን አንሥቻለሁ፤ የላቦራቶሪው ማኅተም ያለበት መንጠቆ ሳይፈተሽ አንድም መኪና ሐረጎን እንዳይወጣ። ክምሩ መጣል የለበትም፤ ሁለት ሰዓት በደንብ መልሶ ቢሞቅ ይድናል። ይህን ራሴ ሠርቼ አሳያለሁ። አውቀዋለሁ፣ ይሆናል።

ቀጥዬ፦ ናሙና ማንሣት የእቶን ሠራተኛ ሥራ አይደለም፣ የላቦራቶሪው ነው። ላቦራቶሪው አላነሣም። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያመጡለትን ለካ። ይህ ልግመኝነት ነው፤ ጥፋቱም የኃላፊው ብቻ ነው። ቃል በቃል እውነት ነው፣ ማስታወሻዬ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

አልማዝ በታይፕ መታችው። እጇ ዘገየ። ጋሼ፣ ይህ እኮ ያሳስራል አለች። የፊደል ስህተት አለው ወይ አልኳት። የለውም። እንግዲያው ግልባጩን ለትራንስፖርቱ መሥሪያ ቤት በእጅ አድርሺ፤ እኔ ዋናውን ይዤ እገባለሁ።

ተጠሪው ገብቷል፤ ድምፁ በኮሪደሩ ይሰማል። ስም ጠይቆ ነበር። የራሴን፣ ከነአባቴ ከነአያቴ፣ ጽፌለታለሁ።