ከጠፈጠፍ ሥር የተተከለው ትምባሆ

ቢቸና፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ገብረ ሚካኤል
ሞጣ

አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የሞጣ ብርድ ከቢቸናው ይብሳል ይላሉ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆሜ ጉሙን ሳይ ሁለቱንም ከተማ የሸፈነው አንድ ጉም ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ከወገቡ በታች ይጠፋና ጉልላቱ ብቻ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል። ያ ጉም በደብረ ወርቅ ዞሮ እርስዎ ዘንድ የሚደርስ፣ የጉባኤ ቤቱን ደጃፍ የሚዳስስ ይመስለኛል። እናቴ ቆሜ ስታየኝ «ይቺ ልጅ ዲግሪዋን ከሰማይ ነው እንዴ የምትጠብቀው» ትላለች። ዲግሪውስ መጥቷል፤ የቀረው ሥራው ነው።

እኛ ደህና ነን። ይህን የምልዎት ስለ ሰው ነው እንጂ በሬያችን ዳልቻ ታሞብን ሰንብቷል። ወንዝ ወርዶ ሲጠጣ አልቅት ገባበት። አፍንጫው ይደማል፣ ቀንበር ላይ ቆሞ ያስላል። ጎረቤቱ ሁሉ ጤፉን ሲዘራ የእኛ በሬ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። መድኃኒቱን እርስዎም ያውቁታል፤ በቤታችን ስሙን ጮክ ብለን አንጠራውም እንጂ። በስልክ እንዳልነግርዎ «ደህና ናችሁ?» «ደህና ነን» ከተባባልን በኋላ መስመሩ ይጠፋል። ስለዚህ ሾፌሩ ስጦታው መኪናውን ይዞ ወደ ሞጣ ሊሄድ ነው ሲባል ወረቀት አነሣሁ።

ነገሩ ስለ ትምባሆው ነው፣ አባባ። እባክዎ ወረቀቱን አያስቀምጡት።

ባለፈው ጥቅምት ከጌሾው አጠገብ ያን ቅጠል ባዩ ጊዜ የተባለውን እዚህ አልደግመውም። ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ በቀለ የሚባል ተክል በቅኔ መምህር ጓሮ ሲገኝ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። እናቴም የምትለውን አለች። ከዚህ ቤት የሚያጨስ የለም፣ ከብት ሲታመም ግን ሰፈሩ ሁሉ ወደ እኔ ጓሮ ነው የሚሮጠው፣ አልነቅልም አለች። በሳምንቱ የሞጣው ጉባኤ መምህር አጥቷል የሚል መልእክት መጣና እርስዎ ሄዱ። ለጥቂት ጊዜ ነው ብለውን ነበር።

አሁን ያ ትምባሆ እየሞተ ነው። እናቴ ለዳልቻ ልትቀጥፍለት ስትሄድ ቅጠሉ እጇ ላይ ሟሟ። ሲነኩት እንደ በሰለ ጎመን ይላሸቃል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጨምቃ አፍንጫው ላይ ብታፈስለትም በሬው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልቅቱ አልወጣም። የበሰበሰ ቅጠል ምን ኃይል ይኖረዋል።

እኔም ጊዜዬ መጣ ብዬ ተነሣሁ። አራት ዓመት ስለ ዕፀዋት ተምሬ ከመጣሁ ወዲህ ማንም አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ቅጠሉ የገረጣው ምግብ ቢያጥረው ነው ብዬ ፈረድሁና ከበረቱ እርጥብ ፍግ እያመጣሁ ከሥሩ ደለደልሁ። ትምባሆው ለጥቂት ቀን ለመለመ። እኔ በልቤ የችግኝ ጣቢያ ሠራሁ፤ ከፊት ለፊቱ ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳ ሁሉ ታየኝ። ከዚያ የለመለመው ሁሉ ከበፊቱ ፈጥኖ ተልሞሰሞሰ።

እትዬ ይርጋነሽ ለጊደራቸው ቅጠል ፍለጋ በነጠላቸው ተሸፋፍነው መጥተው ነበር። ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ምሩቋ፣ ምን አጎረስሽው? ሳትመረቂ በፊት ደህና ነበር እኮ» አሉኝ። እናቴ እየሳቀች ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ምሳ አልበላ አለኝ።

በዚያ ሰሞን ሕልም አየሁ። ቤታችን ግድግዳ የለውም፤ ጣራው ብቻ በአየር ላይ ቆሟል። ከጠርዙ የሚወርደው ውሃ መሬት አይደርስም፣ እንደ ነጭ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። እናቴ ከክሮቹ ማዶ ሆና አንድ ነገር ትሸፍናለች። «ምንድን ነው?» ስላት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። እርስዎ ሕልም መፍታት አይወዱም፣ አውቃለሁ። እኔም አልፈታሁትም፤ ብቻ ሲነጋ እግሬ ራሱ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደኝ።

ከሄዱ በኋላ እናቴ ትምባሆውን ከጌሾው አጠገብ ነቅላ በቤቱ ጀርባና በድንጋይ ካቡ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ አዙራው ነበር። ገብቼ ቆምሁ። ዝናቡ አባርቷል፣ የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ግን አላቆመም። ጠብ ባለ ቁጥር ጭቃውን ወደ ቅጠሉ ይረጨዋል። ፀሐይ እዚያ አትገባም፣ ነፋስም አይገባም፤ ተክሎቹ ተጠባብቀው ቅጠል ቅጠል ላይ ተኝቷል። ብስባሴው የጀመረው መሬት ከሚነካው ከታችኛው ቅጠል ነው። አንዱን ግንድ ብሰነጥቀው ውስጡ ጠቁሮ ባዶ ሆኗል። ጣራው በማይደርስበት ጫፍ፣ ሰማይ በሚያየው ስፍራ ያለው አንድ እግር ብቻ ቅጠሉ እንደ ቆዳ ደርቆ ጠንክሮ ቆሟል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ የርጥበት በሽታ ነው፣ አባባ። በዓይን የማትታይ ባክቴሪያ በጭቃው ትኖራለች፤ ቅጠሉ ተቀዶ ወይም ተጫጭሮ ውሃ ሲተኛበት በቁስሉ ትገባለች። እኛ ደግሞ በዝናብ መካከል፣ በእርጥብ እጅ እየቀጠፍን በር ከፍተንላታል። የእኔ ፍግ ቅጠሉን አለስልሶ ቀለብ ሰጣት። የተበላሸውንም ስንጥል የነበረው እዚያው ፍጉ ክምር ላይ ነው።

ከጠንካራው እግር ጥቂት ቅጠል፣ ቀኑ ደረቅ ብሎ ጤዛው እስኪነሣ ጠብቄ፣ በእሳት ባሳየሁት ቢላ ቆረጥሁ። እናቴ ጨመቀችው። ዳልቻ ሁለት ሦስት ጊዜ አነጠሰና አልቅቱ ወደቀ፤ እናቴ «ተመስገን» ብላ በድንጋይ መታችው። አሁን ሣር ይበላል። ጤፉንም በመጨረሻው ሰዓት ዘርተናል።

የበሰበሱትን ነቅለን አቃጠልናቸው። ከጠንካራው እግር ዘር የበቀሉ ጥቂት ችግኞች ግን አሉ፤ እነሱም እዚያው ከቆዩ ይህን ክረምት አያልፉም። የጌሾው ሥር ውሃ ይቋጥራል። ከፍ ያለ፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበት መሬት በግቢያችን አንድ ብቻ ነው፤ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፍ ሁሉ የሚያየው ቦታ።

እናቴን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ከፀሐይ ነቅለሽ ለምን ከጠፈጠፍ ሥር ከተትሽው? ለማን ነው የምትደብቂው? እሳቸው እንደሆኑ ሞጣ ናቸው።»

ጨው እየፈጨች ነበር። ቀና አላለችም።

«ድንገት ቢመጡስ» አለችኝ።

እኔ የማውቀው በእልህ አልነቅልም ማለቷን ነበር። እነዚያን ተክሎች በጨለማ ያስገባቻቸው እርስዎን የሚያስከፋ ነገር ዓይንዎ ላይ እንዳይወድቅ ብላ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ወር በየማለዳው «ዛሬ ሊሆን ይችላል» እያለች እንደነበር አላሰብሁትም።

ስለዚህ ልለምንዎ ነው። ችግኞቹን በሩ አጠገብ እንድተክላቸው ይፍቀዱልኝ። የሚያጨስ እንደሌለ ያውቃሉ። ሰው ከጠየቀ የከብት መድኃኒት ነው ብዬ እኔ እመልሳለሁ፤ እትዬ ይርጋነሽም ተሸፋፍነው መምጣታቸው ይቀራል። እናቴ ግን «መሪጌታ ሳይፈቅዱ በደጃቸው አይተከልም» ብላ ቆርጣለች። መጻፌንም አልወደደችውም፤ በጾመ ፍልሰታ ዋዜማ እሳቸውን አታስጨንቂ አለችኝ።

ይሁንና ዛሬ ጠዋት፣ ፈቃድዎ ቢመጣ ተዘጋጅቼ ልቆይ ብዬ፣ ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን በአመድ ምልክት አደረግሁ። ነፋስ እንዲያልፍ በችግኝና በችግኝ መካከል ክንድ ክንድ ተውሁ። እናቴ መጣች። አየችና ለበሩ የቀረቡትን ምልክቶች፣ በግራም በቀኝም ያሉትን፣ በእግሯ አጠፋቻቸው። እምቢ ማለቷ መሰለኝ።

«ምነው እማዬ?»

«አጠበብሽው» አለች። «ጃንጥላ ዘርግቶ የሚገባ ሰው በየት ይለፍ?»

አባባ፣ እኔና እማዬ በነጠላችን ነው የምንጠለለው።

አመዱን ወደ ዳር አርቄ ነሰነስሁት። ስጦታው ሞጣ ገበያው እስኪፈታ ይቆያል፤ መልስዎን ይቀበልዎታል። የደብሩ ታቦት ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ድምፅዎን አይንሣብን። በጸሎትዎ እኔንም፣ ችግኞቹንም፣ ስሟ እንዲነሣ ያላዘዘችኝን እናቴንም ያስቡን።

በረከትዎን የምትጠብቅ ልጅዎ
ብሩክታይት