ባቡሩ እንጦጦ ወጣ

አዲስ አበባ፣ ወሰን
ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጂቱ ኢቲቻ
ድሬዳዋ

ውድ ጂቱ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እህትሽና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ ጤነኛ ነኝ። ክረምቱ አልፏል። ጣራው ያፈሰሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም ደፍኜዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን የጣራ ወሬ ለማውራት አይደለም። ባቡሩ እንጦጦ ወጥቷል።

ጎታቹ ሎኮሞቲቭ ብቻውን አይደለም የወጣው። ሦስት ፉርጎ ይዞ፣ የማንም እጅ ሳይነካው፣ ሰው እያየ ወጣ። ቃልሽ ይኸው ነበር። ግንቦት ላይ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ በሩ ላይ ቆመሽ፣ ጎረቤታችን ታደለች በአጥር አንገቷን አስግጋ እየሰማች፣ "ሠረቀ፣ ይሄ መጫወቻህ ሦስት ፉርጎ ጎትቶ፣ እጅህ ሳይነካው እንጦጦ የወጣ ዕለት እኔም እመለሳለሁ!" አልሽ። አህያ ቀንድ ያበቀለች ዕለት እንደማለት ነበር። ታደለች ሳቀች። እኔ ግን ቃል ነው ብዬ ያዝኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ጀርመኑ መምህር ከኮተቤ ወደ አገሩ ሲመለስ ያንን ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ ሲተውልኝ፣ መጀመሪያ የተጣላነው በመስመሩ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አንቺ ከድሬዳዋ አዋሽ ይሁን አልሽ። "አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር የነዳበት መስመር እያለ፣ የሌለ መስመር ምን ያደርግልሃል?" አልሽኝ። "ያለውንማ ሌሎች ሠርተውታል" አልኩሽ። ዛሬም መልሴ ያው ነው። ከወሰን ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ የሚደርስ ባቡር ማንም አልሠራም፣ ማንም አላሰበም። ስለዚህ የኔ ነው።

ችግሩ ዳገቱ ነበር። ባቡር ፍየል አይደለም፤ ከፍ እንዲል ርዝመት ይፈልጋል። ጠረጴዛዬ ደግሞ ያንን ርዝመት አይሰጥም። ስለዚህ መስመሩን በመኝታ ቤቱ ግድግዳ አሳልፌ፣ በቁምሳጥንሽ ጀርባ አዙሬ፣ መልሼ ወደ ሳሎን አመጣሁት። በወረቀት ላይ በጣም ያማረ ዕቅድ ነበር። አንቺ ግን ያየሽው ወረቀቱን ሳይሆን ከራስጌሽ በላይ የተከፈተውን ቀዳዳ ነው።

ከሄድሽ በኋላም ያንኑ ዕቅድ ቀጠልኩበት። ተራራውን የሠራሁት ቤት እንደምንሠራው ነው። የባሕር ዛፍ ስንጥቅ ማገር አደረግሁ፤ ጭቃ በጭድ አቡክቼ መረግሁት። ሌላ አገር ተራራ በምን እንደሚሠሩ አላውቅም። ጭዱ ውስጥ የጤፍ ፍሬ ቀርቶ ኖሯል። ሐምሌ ላይ፣ ቤቱ በዝናብ ሲረጥብ፣ ተራራው በቀለ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከእግሩ እስከ አናቱ አረንጓዴ ለብሶ ጠበቀኝ። ታደለች አይታ፣ "ጋሼ ሠረቀ፣ አጨዳው መቼ ነው? እኔም ለወንፈል ልምጣ?" አለችኝ።

እኔ እንኳ ወድጄው ነበር። መስከረም ጠባና ፀሐይ ወጣ። ጭቃው ሲደርቅ ግን ተሰነጠቀ፣ ሐዲዱንም ይዞት ተጣመመ። ሎኮሞቲቩ የግድግዳውን ቀዳዳ እንኳ ሳይደርስ ይወድቅ ጀመር። አንድ እሑድ ተነሳሁና በመዶሻ አፈረስኩት። ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ። ያን ዕለት ብታይኝ ኖሮ እስካሁን ትስቂ ነበር።

አቧራውን ሸሽቼ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጭነት የያዙ አህዮች ሲወጡ አየሁ። አህያ ዳገትን ፊት ለፊት አይገጥምም። አግድም ይሄዳል፣ ይዞራል፣ እንደገና አግድም ይሄዳል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ኖሬያለሁ፤ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ባቡር እንደ አህያ ባለበት መዞር አይችልም፤ መዞር ግን አያስፈልገውም። አግድም ወጥቶ ሐዲዱ ከሚያልቅበት ይቆማል፤ የመስመሩ መቀየሪያ ወደ ላይኛው ሐዲድ ይቀየራል፤ ኋላውን ሰጥቶ ሁለተኛውን እርከን ይወጣል፤ እዚያም ይቆምና ሦስተኛውን ፊቱን ይዞ ይወጣል። እቤት ገብቼ ሳልበላ ዕቅዱን ሣልኩ። መስመሩ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ገባ።

ስለዚህ የመኝታ ቤቱ ቀዳዳ አላስፈለገም። ደፈንኩት። ሁለት ጊዜ መረግሁት፣ ኖራ ቀባሁት። ቁምሳጥንሽንም ወደ ቦታው መለስኩ። ይህን የጠቀስኩት የዕቅዱን ለውጥ እንድትረጂው ብቻ ነው።

አዲሱን ተራራ ስሠራ በማገሩ ላይ ጆንያ ወጥሬ ጭቃውን በስሱ ቀባሁት፤ ሐዲዱንም ጭቃ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ አሳረፍኩት። ሎኮሞቲቩ ቀላል ስለሆነ፣ ዳገቱ ላይ እንዳያዳልጠው ከጋራዥ እርሳስ ለምኜ ሆዱ ውስጥ ጨመርኩለት። የመኪና ጎማ ሚዛን የሚያስተካክሉበትን እርሳስ ማለቴ ነው።

ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታደለችን ጠራኋት። ቃልሽን የሰማች እሷ ስለሆነች ምስክርነቱም የሷ ነው። እሷ ግን ሰፈሩን ይዛ መጣች። ሳሎኑ ሞላ፣ በረንዳውም ሞላ። ይህን ያየው የቀበሌው ጓድ ሣህሌ ደግሞ ሳይጠራ ገባ።

"ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?" አለ።

"ስብሰባ አይደለም ጓድ፤ ባቡር ነው" አልኩት።

ተራራውን ዞሮ አየው፤ ጫፉ ላይ ያቆምኩትንም ትንሽ ጣቢያ አየ። "ይህ መስመር በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ እንዴት ተሠራ?"

"አልተሠራም። የሌለ መስመር ነው።"

"የሌለ መስመር ጣቢያ ለምን አስፈለገው?"

ታደለች ከኋላ ሆና፣ "ጓድ ሣህሌ፣ ወይ ይሳፈሩ ወይ መንገድ ይልቀቁ! ይህ ሰውዬ ሚስቱን ሊያስመጣ ነው" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ እንደዚያ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ኤሌክትሪኩን ለቀቅሁ። የመጀመሪያውን እርከን እየጎተተ ያለችግር ወጣ። ቆመ፤ መቀየሪያውን ቀየርኩ። ሁለተኛውን እየገፋ ወጣ፤ የፈራሁት እሱን ነበር፣ ምክንያቱም የሚገፋ ፉርጎ መቀየሪያው ላይ ከሐዲድ መውጣት ይወዳል። አልወጣም። ሦስተኛው እርከን ላይ፣ ጫፉ ሊደርስ ክንድ የማይሞላ ሲቀረው፣ ጎማው ባለበት መሽከርከር ጀመረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባቡሩ አይነቃነቅም። ከዚያ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

"ግፋው!" አለ ጓድ ሣህሌ።

"እንዳትነካው!" አለች ታደለች። "በእጅ ከተነካ አትመጣም!"

ያኔ አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ትዝ አሉኝ። ዳገት ላይ ባቡሩ ሲያዳልጣቸው ሐዲዱ ላይ አሸዋ ያፈሱ እንደነበር ነግረሽኝ፣ "ለመጫወቻ አሸዋ አያስፈልግም" ብዬሽ ነበር። ከተራራው እግር ደቃቅ አፈር ቆንጥሬ ከጎማው ፊት ሐዲዱ ላይ በተንኩ። ባቡሩን አልነካሁትም፤ ታደለች ዓይኗን ሳትነቅል አይታለች። ጎማው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ነከሰ። ባቡሩ ወጣ። ሦስቱም ፉርጎዎች ተከትለውት ጫፍ ላይ ገቡ።

እልልታው እስከ ዋናው መንገድ ተሰምቷል አሉ። ጓድ ሣህሌ በጉልበቱ ተንበርክኮ ፉርጎዎቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወደ ሱሉልታ አይቀጥልም?" አለኝ። "ሱሉልታ ጎረቤት ቤት ውስጥ ነው፣ ግድግዳ ያስበሳል" አልኩት። "ግድግዳ ከእንግዲህ አልበሳም።"

አንቺ የነጂ ልጅ ስለሆንሽ፣ "ሁለተኛውን እርከን ገፋ እንጂ አልጎተተም" እንደምትዪ አውቃለሁ። ቃሉን ደግመሽ አስቢው። እጅ ሳይነካው ይውጣ አልሽ እንጂ ከፊት ይሁን ከኋላ አላልሽም። መከራከር ከፈለግሽ ግን እዚህ ሆነሽ፣ መስመሩን እያየሽ ተከራከሪ።

ጫፍ ላይ ያለው ጣቢያ ሰሌዳ ያስፈልገው ነበር። እንጨቱ ትንሽ ስለሆነ ረጅም ስም አይችልም። "ጂቱ" ብዬ ጻፍኩበት፤ በደንብ በቃው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ባቡሩ አሁንም እዚያው ጫፍ ላይ ቆሟል። ማውረዱን አልሞከርኩትም። አንድ ሌላ ባዶ ፉርጎ ለቅቄ አይቼ ነበር፤ ያነሳሁት ከወለሉ ላይ ነው። አባትሽ "ማውጣት የሞተሩ ነው፣ ማውረድ የነጂው" ይሉ እንደነበር አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ስለዚህ አላወርደውም። የነጂ ልጅ እስክትመጣ እዚያው ይቆማል።

የድሬዳዋው ባቡር በሚገባባቸው ቀናት ለገሃር እገኛለሁ። መልስ ለመጻፍ አትድከሚ።

የካ ሚካኤል መንገድሽን ያቅናልሽ።

ባለቤትሽ
ሠረቀብርሃን