ሰርጡን ልቀቁ እያሉ የኖሩት የዶክተር ቢቢያኔ ሄይልማን የሕይወት ታሪክ

ከሁሉ አስቀድሞ ለክቡራን ለቀስተኞች በታላቅ አክብሮትና በጥልቅ ኀዘን የምናስታውቀው ጉዳይ አለ፦ ከቀብሩ በኋላ በሟች ቤት የሚቀርበው የዘቢብ ኬክ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም ሰው አንድ አንድ ቁራሽ አንሥቶ ወደ ቦታው ይመለስ። የመንደሩ ሱቅ ከተዘጋ ስለቆየ ዱቄቱ የመጣው በጀልባ ነው። ሟች ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓይን የማያየውን ነገር ሲመረምሩ ስለኖሩ፣ በትንሽ ነገር መጀመራችንን እንደማይቀየሙን እናምናለን።

ዶክተር ቢቢያኔ ሄይልማን ከአባታቸው ከአዳኙ ከአቶ ዮኩም ሄይልማንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሴቬሪኔ በምዕራብ ግሪንላንድ፣ በቃማሉክ መንደር በመጋቢት ወር እ.ኤ.አ. 1959 ተወለዱ። በአገራችን ወግ መሠረት በዚያው ክረምት ባረፉት በአባታቸው እናት ስም ተሰየሙ። በዚህም የተነሣ አባታቸው ጡት የምትጠባውን ልጃቸውን “እናቴ” እያሉ ይጠሯት ነበር። ሕፃኗ ስታለቅስ ጎረቤቱ በመስኮት ብቅ ብሎ “ዮኩም፣ እናትህ ተቆጥተዋል፤ ምን አጠፋህ?” ይል እንደነበር ይነገራል። ስሙ ያመጣው ይሁን ተፈጥሮ፣ ሟች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰውን መቆጣት መብታቸው እንደሆነ ያምኑ ነበር።

የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በመንደሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በከተማ ከተከታተሉ በኋላ ወደ ኮፐንሃገን ተሻግረው የባሕር ረቂቅ ተሕዋስያንን አጥንተዋል። በ1991 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀብለው በአገራቸው በአንድ የምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በየበጋው ወደ ቃማሉክ እየመጡ ሰርጥ በምንለው፣ ወደ የብስ በገባው ጠባብ የባሕር ክንድ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ጠርሙስ ሲያወርዱ፣ ጀልባውን ይዘውላቸው የሚወጡት በጊዜው የመንደሩ አንደኛ አዳኝ የነበሩት አቶ ኤኖክ ነበሩ። የጋብቻ ጥያቄው የቀረበው እዚያው ጀልባ ላይ ነው። “ሁልጊዜ ውሃ ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ዓሣ ይዘሽ አትመለሽም። የሚመግብሽ ሰው ያስፈልግሻል” አሏቸው። በ1992 በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ፣ ሬጊኔን።

እንግዲህ ሟች የደረሱበትን ነገር ለለቀስተኛው በአጭሩ ማስረዳት ግድ ይሆንብናል፤ በሕይወት ሳሉ ሲያስረዱን እያዛጋን ነበርና። በሰርጣችን ራስ ላይ ያለው የበረዶ ግግር እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ በኖረበት ዘመን፣ በበጋ የሚቀልጠው ውሃ በግግሩ ሥር ሾልኮ ከጥልቁ ይወጣ ነበር። ጨው የሌለው ውሃ ቀላል ነው፤ ሽቅብ ሲጣደፍ ከታች ያለውን ለም ውሃ አብሮ ይጎትታል። ከላይ ፀሐይ የሚሞቁት ረቂቅ ተሕዋስያን ያንን በልተው ይወፍራሉ። እነሱን የባሕር ትላትል፣ ትላትሉን ትናንሽ ዓሣ፣ ትናንሾቹን ሃሊበት የምንለው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ሃሊበትን ደግሞ እኛ እንበላለን። ግግሩ ግን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ከባሕሩ ወጣና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የቀለጠው ውሃ ጭቃ ተሸክሞ በጎርፍ ከላይ ወረደ፤ ከጨዋማው ውሃ ጋር ሳይዋሐድ በላዩ ተንጣለለ። ብርሃኑ በጭቃ ተጋረደ፤ ምግቡ ከታች ተቀበረ። ዶክተር ቢቢያኔ በማጉያ መሣሪያቸው የሚያውቋቸው ወፋፍራም ሕዋሳት እየጠፉ፣ ማንንም የማያጠግቡ ከሲታና ደቃቅ ሕዋሳት ቦታቸውን ወሰዱ።

መንደሩ ምልክቱን ያየው በአቶ ኤኖክ ጠመንጃ ነው። የሚመቱት አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ ጀልባቸው ሳትደርስበት እንደ ድንጋይ ይሰጥም ጀመር። ጨዋማ ውሃ ያንሳፍፈው የነበረውን ሬሳ፣ ከላይ የተኛው ጨው አልባ ውሃ መሸከም አልቻለም። ወደቡ ላይ ግን ሳቅ ሆነ። የሱቁ ኃላፊ የነበሩት አቶ ቶቢያስ፣ “ኤኖክ፣ ዛሬም ለዓሦቹ ቀለብ ሰፍረህ መጣህ? ተው አንተ ሰው፣ እርጅናን በጥይት አትመታውም!” አሏቸው። ሟች ለባላቸው ሊከራከሩ ተነሥተው፣ “የሱ እጅ ምንም አልሆነም! የከዳው ውሃው ነው!” ብለው በሰው ፊት ጮኹ። አቶ ኤኖክ ቤት ገብተው ቦት ጫማቸውን እያወለቁ፣ “አንቺ ሴት፣ ሁለተኛ ሰው ፊት ጠበቃ እንዳትቆሚልኝ” አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት ስለ ውሃ የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በ2013 ጎረቤታችን የኢካቱክ መንደር፣ የራሱ ግግር እግር ገና ባሕር ውስጥ ስለነበር፣ ቤትና የጀልባ ማሠሪያ ሰጥቶ መንደራችንን በሙሉ ሊቀበል ፈቃደኛ ሆነ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሟች ሥዕልም ቁጥርም አላቀረቡም።

“ድስት ታውቃላችሁ” አሉ። “ከሥር የሚያማስል ማንኪያ ነበረን። ማንኪያው ወጣ፤ ክዳን ተደፋበት። ከላይ ስታዩት ድስት ነው፤ ውስጡ ግን የሚበስል ነገር የለም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። እባካችሁ!”

“ቢቢያኔ፣” አሉ አቶ ቶቢያስ፣ “አንቺ የማይታየውን እያየሽ እኛን የሚታየውን ልታስጥይን ነው። ትናንት ያወጣሁት ሃሊበት ይኸን ያክላል!” ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ጎንበስ አለ።

“አውቃለሁ፣ ሽማግሌ ነው” አሉ ሟች። “ልጆቹስ የታሉ?”

ድምፅ ሲሰጥ እኩል ለእኩል ሆነ። ሰብሳቢው አቶ ኤኖክ ነበሩ፤ የእሳቸው እጅ ብቻ ቀረ። ሟች ባላቸውን አዩ፤ መንደሩም አየ። አቶ ኤኖክ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ “ሐሳቡ አላለፈም። ስብሰባው ተዘግቷል” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ባይነበብ ደስ ባለን። ዓሣው መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ ከሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ረጃጅሙ የመንጠቆ ገመድ ወርዶ ባዶውን ይወጣ ጀመር። የዓሣ ማቀነባበሪያው ተዘጋ። በበረዶ ላይ ተንሸራታች የሚጎትቱት ውሾች የሚበሉት ታጣና በየጓሮው ተኩስ ተሰማ። የኢካቱክ ቤቶች ለሌሎች ተሰጡ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ አጥቶ ተቆለፈ፤ አቶ ቶቢያስም ሱቁን ዘግተው፣ እነዚያን ረጃጅም እጆች ኪሳቸው ከተው ከተማ ገቡ። ሟች በየበጋው ጠርሙሳቸውን ማውረድ አልተዉም፤ ሲመለሱ ግን ውጤቱን የሚነግሩት ሰው አልነበራቸውም። ማታ ማታ ባላቸውን “ለምን?” ይሏቸው ነበር። አቶ ኤኖክ ተነሥተው የሌሉ ውሾችን ሊያዩ ይወጣሉ።

ልጃቸው ሬጊኔ ከከተማ እየደወለች “እማዬ፣ አንቺ እንኳ ነይ” ስትል ለምናለች። መልሳቸው “አባትሽን ጥዬ? ሕዋስ እንኳ ብቻውን አይኖርም” የሚል ነበር።

በ2023 መጨረሻ ያደረባቸው የቆሽት ካንሰር በከተማው ሆስፒታል ታውቆ፣ ማዳን የሚቻልበት ደረጃ ማለፉ ሲነገራቸው ወደ ቤታቸው ለመመለስ መረጡ። በመጨረሻው ሰሞን ሬጊኔ ባለችበት ባላቸውን አስጠርተው እንዲህ አሉ፦ “እኔን ቅበርና ከልጅህ ጋር ሂድ። ሰርጡ ባዶ ነው፤ ይኸን ክረምት ብቻህን አትወጣውም። የለመንኩትን ሰው ሁሉ አጥቻለሁ፤ አንተን አልጣ። ማልልኝ።” አቶ ኤኖክ ብርድ ልብሱን በባለቤታቸው እግር ዙሪያ ጠቅጥቀው ወጡ። ዶክተር ቢቢያኔ ኅዳር 9 ቀን 2024 መሐላውን ሳይሰሙ ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ ኤኖክን፣ ልጃቸውን ሬጊኔንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል። የጥልቁን ውሃ ወደ ብርሃን ሲያወጣ የኖረ ጌታ ነፍሳቸውንም ወደ ብርሃኑ ያውጣልን፤ ሳንሰማቸው ለቀረነውም ይቅር ይበለን።

ጀልባዋ ከቀብሩ በኋላ ትነሣለች። የመንደሩ የመጨረሻ ነዋሪዎች፣ ሦስቱ ጎረቤቶቻችን፣ ዕቃቸውን ጭነው ጨርሰዋል። ለአቶ ኤኖክም ቦታ ተይዞላቸዋል።

እንደሚታወቀው ክረምት ሲገባ መሬታችን በውርጭ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር አይቆፈርም። ስለዚህ ወንዶች በመስከረም ለመጪው ክረምት በግምት መቃብር ቆፍረው ያዘጋጃሉ፤ መንደሩ ሰው በነበረው ጊዜ ሳል የያዘው ሰው በዚያ ሰሞን ከቆፋሪዎቹ ፊት ማለፍ አይወድም ነበር። ዘንድሮ የቆፈሩት አቶ ኤኖክ ብቻቸውን ናቸው። ትናንት ሬጊኔ የእናቷን መቃብር በረዶ ልትጠርግ ስትወጣ ጎን ለጎን የተከፈቱ ሁለት ጉድጓዶች አገኘች።

“አባዬ፣ እማዬ አንድ ናት። ሁለተኛው ምንድነው? አትሄድም ማለት ነው? ለእሷ ስትል እንኳ? ለምን?” አለች። እኛም ዘመዶቻቸው፣ በዚህ ጽሑፍ የምናሰፍረው አንድ ቃል ይስጡን ብለን ለመንናቸው። አቶ ኤኖክ አካፋውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው፣

“አልናገርም” አሉ።