በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለችው መስኮት

ጥቅምት 4

ዝናቡ አባራ። የማዕዘኑ በር ደረጃ ግን እንደ ሳሙና ያሟልጫል። አንዲት ደንበኛ ለጥቂት ተረፈች። ድንጋዩ ይቀየር ብንል ቅርስ ነው አይነካም ይሉናል። ቅርስ ላይ ተንሸራቶ እግር መሰበርም ክብር ሳይሆን አይቀርም!

ክር ሸጥኩ፣ ዚፕ ሸጥኩ። ባሌ ከግድግዳው ወዲያ፣ በልብስ ስፌቱ ቤት፣ ሲሰፋ ዋለ። ረፋዱ ላይ ራሱን በመሐል ግድግዳው ላይ ባለችው መስኮት ብቅ አድርጎ፣ "አንቺ፣ ጥቁር የኮት ቁልፍ" አለኝ። ሰጠሁት።

"ምነው ፊትሽን ቋጠርሽው?"

"አልቋጠርኩም።"

"እንግዲያው ቢቋጠር ምን ሊመስል ነው?"

ሳቅን። ማታ ቤት ስንገባ እኔው ራሴ በሩን ከፈትኩለት። ኮፍያውን አወለቀና፣ "ይቅርታ እመቤት፣ ቤት ተሳስተው ይሆን?" አለኝ።

ጥቅምት 6

ሐኪሙ የመርሳት ሕመሙ እየባሰበት ይሄዳል ካለን ዓመት አለፈ። ልጃችንን እህቴ ይላታል። እኔን ቤት ውስጥ አያውቀኝም። መንገድ ላይ አያውቀኝም። በመስኮቷ ሲያየኝ ግን ሚስቱ ነኝ... ለምን? ልጄ፣ "እማዬ፣ ዕድሜውን ሙሉ በእሷ ነዋ ያየሽ" አለችኝ።

መስኮቷ የራሱ እጅ ሥራ ናት። በተጋባን ሰሞን ነው። አንዲት ቁልፍ በፈለገ ቁጥር በጎን መንገዱ በር ወጥቶ፣ ማዕዘኑን ዞሮ፣ በእኔ በር መግባት ታከተው። መዶሻና መሮ አነሳና ያን የሚያህል ግድግዳ በሳው። ስፋቷ አንድ ትሪ ያሳልፋል። ከዚያ ወዲህ ምሳውም፣ ወሬውም፣ ፀቡም በእሷ በኩል ሆነ።

ጥቅምት 11

ከቅርስ ጥበቃ ቢሮ መሐንዲሷ መጣች። ከላይ ሰገነቱ ሥር ስንጥቅ አለ። በጣቷ እየተከተለች ወረደች፣ ወረደች... መስኮቷ ጋ ደረሰች።

"ይሄን ማን ነው የከፈተው?"

ባሌ ከወዲያ ብቅ ብሎ፣ "እኔ ነኝ! ያምራል አይደል?"

መሐንዲሷ ሳቀችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እናቴ፣ ሰገነቱን የተሸከመው ይሄ ግድግዳ ነው። መደፈን አለበት።"

የቁልፍ ሣጥኖቹ ላይ ተደገፍኩ።

ጥቅምት 12

ይሄ ሕንፃ ከዓመታት በፊት ሊፈርስ ነበር እኮ። ማን አተረፈው? እሱ! ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሰፈርተኛውን ሁሉ አስከትሎ፣ ቅርስ ይባልልን ብሎ ቅርስ ጥበቃ ቢሮው ድረስ ሄደ። ሊያዩ የመጡ ቀን መስኮቷን በካፖርት ሸፍኖ ፊቷ ቆመ። "አንድ ድንጋይ አልተነካም" አላቸው አፉን ሞልቶ። ሲወጡ በሳቅ ሞትን። በዚያ ሳቅ ነው ዛሬ የማለቅሰው። በገዛ እጃችን...

ጥቅምት 15

ቢሮ ሄጄ ለመንኩ። በብረት ይደገፍ አልኩ። መጀመሪያ ሲሠራ ያልነበረ ነገር አይፈቀድም አለች መሐንዲሷ። ቢፈቀድም ብረት የግድግዳውን ጉልበት አይመልስም አለች። የባሌን ነገር ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እናቴ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚጠለለው እዚያ ሰገነት ሥር ነው" አለችኝ።

ልክ ናት። ምነው በተሳደበች፣ ምነው በናቀችኝ። የምጠላው ሰው እንኳ አጣሁ።

ጥቅምት 20

ልጄ መላ አመጣች። አናጺ ዘንድ ሄዳ የመስኮቷን ልክ የእንጨት ክፈፍ አሠራች። ቤት ውስጥ ሁለት ወንበር ላይ አቆምነው። እኔ ከኋላው ተቀመጥኩና ራሴን አወጣሁ። እሱን ፊት ለፊት አስቀመጥነው።

አየኝ። ቆይቶ በጣም አዝኖ፣ "እመቤት፣ ራስዎ ተቀርቅሮ ነው? ልርዳዎ?"

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔም። ሳቁ ሳያልቅላት ወደ ጓዳ ሮጠች። እዚያ ምን እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ አልተከተልኳትም።

ጥቅምት 28

ነገ ይደፍኗታል። ዛሬ ደንበኛ አላስተናገድኩም። መስኮቷ ሥር ወንበር ስቤ ዋልኩ። ነጭ ክር ጠየቀኝ። ሰጠሁት። መቀስ ጠየቀኝ፤ በእጁ ይዞት ነበር።

"ስማ" አልኩት። "እወድሃለሁ።"

ግራ ቀኙን አየ። "ሴትዮ፣ ደንበኛ ይሰማል!" ጆሮው ቀላ። ጎንበስ ብሎ ትንሽ ከሰፋ በኋላ ደግሞ ብቅ አለ። "እኔም" አለኝ ቀስ ብሎ።

ጥቅምት 29

ደፈኗት። በድሮው ዓይነት ድንጋይ፣ በኖራ። ግንበኛው እጀ ወርቅ ነው። እዚያ ቦታ ሰው ተነጋግሮ ያውቃል ብትል ማንም አያምንህም።

ኅዳር 3

ባሌ ግድግዳውን ይደበድባል። እኔም እመልሳለሁ። ይጣራል፤ ቃሉ አይለይም። ሱቁን እንደተከፈተ ትቼ ማዕዘኑን ዞሬ በእሱ በር ገባሁ። እያለከለክኩ ነው።

"ደህና ዋሉ እመቤት። ምን ልስፋልዎ?"

"ሲጣሩ ሰምቼ ነው..." አንተ ልለው አፌ እምቢ አለኝ።

"ሚስቴን ነው። ከዚህ ግድግዳ ኋላ ናት። ዛሬ ምን እንዳስቀየምኳት እንጃ፣ አትመልስልኝም።"

ኅዳር 9

ዛሬ ስፌት መኪናውን አልነካም። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ።

ኅዳር 24

ሱቄን ለልጄ ለቀቅኩላት። እኔ እሱ ጋ ገባሁ። ሥራ ፈላጊ ነኝ አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ቁልፍ መትከል ይችላሉ?" አለኝ። እችላለሁ አልኩ። መርፌ ሰጠኝ።

ለጥገናው ውጭ የቆመው የእንጨት መወጣጫ ዛሬ ተነሳ። ስንጥቁ የለም። ሰገነቱ ታጥቧል፣ የማዕዘኑ ድንጋይ ነጥቷል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። በእውነት አምሯል። እንዳላየው ብዬ በጀርባ በኩል ዞሬ ገባሁ።

ከሰዓት ላይ የሠራሁትን ኮት አገላብጦ አየ። "እጅዎ ጥሩ ነው። ግን ከወዲሁ ልንገርዎ፣ በኋላ እንዳንቀያየም። ይሄ የያዙት ወንበር የሚስቴ ነው። ስትመለስ ይለቁላታል።"

"እሺ" አልኩት።

"አይከፋዎትም?"

"ኧረ በፍጹም።"

"ይወዷታል" አለኝ። "መቼም ከእሷ ጋር ሳይስቁ አይውሉም።"

የሚቀጥለውን ቁልፍ አነሳሁ። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎኝ እሱ ተቀብሎ አስገባልኝ።