ለሞተሩ የመረጥኩት ምላስ

ወንድም ጋሼ፣

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ድናለች። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት መታመሟን የሰማህ ቀን በስልክ ድምፅህ እንዴት እንደነበር ስላልረሳሁ ነው። ኩላሊቷ ተሽሏታል፣ የፊቷም እብጠት ወርዶ የድሮ መልኳ ተመልሷል። ትልቋ ልጇ ወልዳ እናቷ ቤት ናት፤ ሴት ልጅ ነች፣ ጩኸቷ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። አማቿ፣ የልጇ ባል፣ አሁንም ሥራ እየፈለገ ነው። ሥራው እንዳያገኘው ተደብቆ ነው የሚፈልገው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ብርዱን ቻለው? የደም ግፊት ኪኒንህን በሰዓቱ ትውጣለህ ወይስ ሲያምህ ብቻ ነው ትዝ የሚልህ? እኔ ከመዳፌ መላጥ በቀር ደህና ነኝ። የመዳፌን ነገር ወደ ታች ስትደርስ ታገኘዋለህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንዴ ተናድጄ፣ አንዴ ቀዝቅዤ አነበብኩት። ያቺን ጀልባ ሰው ሳትጨርስ ሽጪያት፣ ገዢ ልኬልሻለሁ፣ አንቺም መጥተሽ የኋላ ክፍላችን ውስጥ እረፊ ብለሃል። አስበህልኝ እንደሆነ ይገባኛል። የኋላ ክፍላችሁን ግን አውቃታለሁ፤ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያሳየው። እኔ ደግሞ በየማለዳው ውሃ እያየሁ ነው ያረጀሁት። ጀልባዋን አልሸጥም። ለምን እንደማልሸጥ ከኔው ስማ፤ ከሰው አፍ የሰማኸው ጎዶሎ ነው።

ሞተሩ መሀል ውሃ ላይ እንደቆመብኝ አልክድም። ልብስ ሰፊዋ ታማ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሳሻግራት ነው። ሳል ጀመረው፣ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ተፋው፣ ከዚያ ጭጭ አለ። እኔ በአንዱ መቅዘፊያ፣ አማቿ በሌላው ሆነን አደረስናት፤ ሰውዬው ያን ቀን ሥራ አገኘ። ደረስን፣ ግን ዘግይተን። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪው ሁሉ ጀልባዬን ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ከዳነች በኋላ ለጤና ጣቢያ ቀጠሮዋ ውሃውን በመኪና ዞራ ሄደች፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ። ወንድም ጋሼ፣ ከሞተሩ መቆም ይልቅ አንጀቴን የቆረጠው ይህ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ያኖረችን ይቺ ጀልባ ናት፣ እኔንም ልጆቼንም። ሰው ካልተሳፈረባት ግን እንጨት ናት።

ሞተሩን የፈታልኝ የባለቤቴ የድሮ ጓደኛ፣ ያ መካኒኩ ነው፤ ከኪሱ ብሎን ስለማይጠፋ ሁሉም ጋሽ ብሎን ይለዋል። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር አወለቀና ከኋላው ያለችውን ክፍል አሳየኝ። ላይዋ ላይ ስስ ቅጠል የመሰሉ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ምላስ ይሏቸዋል። ሞተሩ አየርና ቤንዚን ሲስብ ይከፈታሉ፣ ስቦ ሲጨርስ የገባው ተመልሶ እንዳይወጣ ግጥም ብለው ይዘጋሉ። የኛዎቹ ያንዷ ጫፍ ተሸርፏል፣ የቀሩት ተንጋደዋል። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ሳያቸው በጠርዛቸው በኩል ብርሃን ያሳልፋሉ። ሲተፋ የነበረው ለዚህ ነው። አየህ፣ ሞተሩ አልሞተም፤ አፉ አልገጥም ብሎት ነው።

ታዲያ ገልብጠን እንግጠማቸዋ አልኩ፣ የሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ገልብጬ እንደምሰፋው። ጋሽ ብሎን ሳቀብኝ። በለመዱት ጎን መታጠፍ ትተው በሌላው ሲታጠፉ ቶሎ ይሰበራሉ፣ ስባሪውም ሆዱ ውስጥ ይገባል አለ።

መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ የሞተሩን ዓይነት ሲሰማ ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው አለኝ፤ እኔም አብሬው ልግባ ወይ አልኩት። እያጉረመረመ ሦስት ዓይነት ዘረገፈ፦ ከፈረሰ ሞተር የወጣ የብረት፣ ወፍራም ፋይበር፣ ስስ ፋይበር። ብረቱን ተውነው። ስንት ዘመን እንደሠራ ማን ያውቃል፣ ብረት ከተሰበረ ደግሞ ፒስተኑን ይፈጨዋል፤ ፋይበር ቢሰበር እንኳ ጉዳቱ ይቀላል። ጋሽ ብሎን ስሱን ያዝ አደረገ። እኔ ግን ባለሱቁ ወፍራሙን ጠንካራው ነው ሲል ልቤ ወደዚያ ሄደ። ሰው ሁሉ አረጀ፣ ደከመ፣ አለቀለት ሲለኝ ከርሞ ለዚያ ሞተር በዓለም ላይ ያለውን ጠንካራ ነገር ሁሉ ልገጥምለት አማረኝ። ወፍራሙን ወስደን ገጠምነው።

መዳፌ የተላጠው ያኔ ነው። የማስነሻ ገመዱን ብስብ ብስብ አልነሳም አለ። ሲነሳም ሚኒሞ የሚሉትን፣ ቀስ ብሎ መሥራቱን፣ ጭራሽ አያውቀውም፤ ቤንዚን ስቀንስለት ይጠፋል፣ ስጨምርለት እንደደነገጠ ወይፈን ይዘላል። በአንዱ ዝላይ ጋሽ ብሎን ከነመፍቻው ውሃ ውስጥ ገባ። ዓሣ አጥማጆቹ አጨበጨቡ፤ አንዱማ ትልቅ ተያዘ ብሎ መረቡን ይዞ መጣ። ጋሽ ብሎን ውሃውን ከጆሮው እያራገፈ፣ «ይሄ ምላስ ለሚሽቀዳደም ነው እኮ። አንቺ የምትጭኚው እርጉዝና ሽማግሌ ነው። ቀስ ብሎ ሲተነፍስ የሚከፈትለት ነው የሚያስፈልግሽ» አለኝ። አልተከራከርኩም። እልህና ሞተር አንድ ላይ አይገጠሙም።

ባለሱቁ የተፈታ ዕቃ አልቀይርም ብሎ ድርቅ አለ። እኔም ወንበር ስቤ ባንኮኒው ፊት ቁጭ አልኩና ለገባው ደንበኛ ሁሉ ታሪኩን ከመጀመሪያው፣ ጋሽ ብሎን ውሃ ውስጥ እስከገባበት ድረስ፣ አወራ ጀመር። ምሳ ሳይደርስ ቀየረልኝ። ስሶቹን አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን መርምሬ፣ ጠርዛቸውን በጣቴ ዳብሼ ነው የተቀበልኩት። ሲገጠሙ ብርሃን የሚባል አያሳልፉም። ገመዱን ገና ሁለቴ ሳብ ሳደርገው ተነሳ፤ ቀስ ሲልም ድምፁ እንደ ስፌት መኪና ሆነ። ተሳፋሪ ስላልነበረኝ በጆንያ አሸዋ ጭኜ ስመላለስ ሰነበትኩ። አሸዋ ጥሩ ተሳፋሪ ነው፣ ሐሜት አያውቅም።

የላክኸው ገዢ ቅዳሜ መጣ። ሻይ አጠጣሁትና አሳፈርኩት። እስከ ማዶ ሞተሩን ሲያዳምጥ ሄደ፤ ስንመለስ ወንድምሽ ያለቀላት ጀልባ ነው ያለኝ አለ። ወንድሜ ካያት ቆይቷል አልኩት። ለመሸጥ ስታስቢ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ ሲለኝ፣ እኔ ስሞት ልጆቼን ጠይቅ ብዬ በሰላም ሸኘሁት። ሁለተኛ ሰው አትላክብኝ። ናፍቀኸኛልና መምጣት ከፈለግህ አንተው ና፤ ዳር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ በጀልባ።

ባለቤትህን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ውሃ ላይ ለብሼው እውላለሁ። ትልቁን ልጅ ስለ ፈተናው አይዞህ በለው፣ መንትዮቹን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ሳማቸው፣ ከተምታቱብህ ሁለቴ ሳማቸው። አማትህን እግራቸውን እሽልኝ።

እህትህ
ከውሃው ዳር፣ ከእናታችን ቤት
ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ፖስታውን ላሽግ ስል ልብስ ሰፊዋ መጣች። ካሻገርኳት ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። በብብቷ አዲስ የሰፋችው የወንበር ትራስ ይዛለች። ቁጭ አለችና፣ ያን ቀን ያስፈራኝ ውሃው አይደለም፣ የሞተሩ ዝምታ ነው አለች። ሰሞኑን ከቤቷ ሆና ጆሮዋን ጥላ ስትሰማው ነበር፤ አንዴም አልሳለም አለችኝ። ትራሱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና ተነሳች።

«ነገ ቀጠሮ አለኝ። ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ከፊት ነው የምቀመጠው። አማቼን ከኋላ አድርጊልኝ፣ መቅዘፊያውንም አስይዢው። ሞተሩን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፤ ሥራ የሚባለውን ነገር እንዳይረሳው ነው» አለች።